የንጉሥ ሊር ካርታና የሰባው ፍሪዳ

ወላጅ ያለውን ሁሉ ለልጁ ይመኛል ይባላል። ልጁ አንድ እንደ ሆነ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ልጆቹ ሁለት ወይም ሦስት እንደ ሆኑ ግን፥ ይልቁንም አድገው የራሳቸውን ቤት ያቆሙ ወይም ለማቆም የተቃረቡ እንደ ሆኑ፥ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለማን ምን ያህል ይሰጥ? ለሁሉም እኩል ይሁን? ወይስ ለደከመው ይብለጥ? ወይስ ከአባት ከእናቱ ሳይለይ ላገለገለው? ይህ ጥያቄ የማይነሣበት ቤት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በየሰው ልብ ይመላለሳል እንጂ በግልጽ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ስለዚሁ ጉዳይ የተነገሩ ሁለት ታላላቅ ታሪኮችን ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር ነው። አንደኛው የእንግሊዙ ባለ ቅኔ ዊሊያም ሼክስፒር የደረሰው የንጉሥ ሊር ቴአትር ነው። ሁለተኛው በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ የሚገኘው የጠፋው ልጅ ምሳሌ ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት አንድ አባት ገና በሕይወት ሳለ ሀብቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ነው። ሁለቱም አባቶች ያበላልጣሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ቤቱን ያፈርሳል፤ ሌላው የፈረሰውን ለመጠገን ይሞክራል። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ልዩነቱ የመጣው ከስጦታው ማነስና መብለጥ ሳይሆን እውነተኛውን ምክንያት ከመናገርና ከመደበቅ ነው። ማስረጃውን አንባቢ ራሱ ተመልክቶ ይፍረድ።

የሊር አከፋፈል

የሊር ታሪክ ከሼክስፒር በፊት የነበረ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ጄፍሪ ዘሞንመዝ ስለ ብሪታንያ ነገሥታት በጻፈው መጽሐፍ ሊርንና ሦስቱን ሴቶች ልጆቹን ያነሣቸዋል። ሼክስፒር ቴአትሩን የደረሰው በ1605 እና በ1606 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፥ በዲሴምበር 26 ቀን 1606 በንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት ታይቷል። ነገሩ በዚያን ጊዜ የተረት ብቻ አልነበረም። በ1603 እ.ኤ.አ. የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለሟል የነበረ ብራያን አንስሊ የተባለ ሽማግሌ ታላቂቱ ልጁ አእምሮውን ስቷል ብላ አቤት በማለቷ ከሀብቱ ሊነቀል ተቃርቦ ነበር፤ ኮርዴል የተባለችው ሌላይቱ ልጁ ግን ስለ አባቷ ተከራክራ ለመንግሥቱ ባለ ሥልጣን ጽፋለች። እንግዲህ በለንደን ቴአትሩን ያየው ሰው በየጎረቤቱ የሚሰማውን ክርክር በንጉሥ ልብስ ተሸፍኖ ያየው ነበር ማለት ይቻላል።

ሊር ዕድሜው ከ80 ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌ ነው። ካርታ አስመጥቶ መንግሥቱን ለሦስት መክፈሉን ይገልጣል። ቀጥሎም ሦስቱ ልጆቹ ማናቸው አብልጠው እንደሚወዱት በመኳንንቱ ፊት እንዲናገሩ ያዝዛል። ጎነሪልና ሬገን በጣፈጠ አንደበት ተናግረው ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ታናሺቱ ኮርዴሊያ ግን የምትጨምረው ቃል እንደሌላት ትመልሳለች፤ አባቷን የምትወደው በልጅነት ግዴታዋ ልክ መሆኑን፥ ባል ባገባች ጊዜም የፍቅሯ እኩሌታ ከባሏ ጋራ እንደሚሄድ ታስረዳለች። በዚህ ንጉሡ ተቈጥቶ የእርስዋን ድርሻ ለሁለቱ እኅቶቿ ያከፋፍላል። እርስዋም ባዶ እጅዋን ለፈረንሳይ ንጉሥ ትዳራለች። በአገራችን "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይባላል። በኮርዴሊያ ላይ የደረሰው ቃል በቃል ይኸው ነው፤ የቀረባት የመንግሥት ሢሶ ነውና።

ይህን ቴአትር የሚያነቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይፈርዳሉ። አንዳንዶቹ ሊር የተሳሳተው ለሚገባት ነሥቶ ለማይገባቸው በመስጠቱ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ስሕተቱ በሕይወቱ ሳለ መስጠቱ ነው ይላሉ። መጽሐፈ ሲራክም ሰው እስትንፋሱ ሳለ በራሱ ላይ ማንንም እንዳያሠለጥን፥ ሀብቱንም በዕለተ ሞቱ እንዲያወርስ ይመክራል። እነዚህ ሁለት ፍርዶች ከንቱ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የቴአትሩን መክፈቻ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ሦስተኛ ነገር ያገኛል።

ቴአትሩ የሚከፈተው በንጉሡ ቃል አይደለም፤ ኬንትና ግሎስተር የተባሉ ሁለት መኳንንት ሲጨዋወቱ ነው። ንጉሡ ለሁለቱ አማቾቹ የመደበው ድርሻ እጅግ የተመዛዘነ ከመሆኑ የተነሣ አንዱ ከሌላው የሚመርጠው እንደሌለ ይነጋገራሉ። እንግዲህ ልጆቹ አንደበታቸውን ከመክፈታቸው በፊት ክፍያው አልቆ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ኮርዴሊያ ገና ሳትናገር ንጉሡ ለእርስዋ የቀረው ሢሶ ከእኅቶቿ ድርሻ የበለጸገ መሆኑን በራሱ አፍ ያመለክታል። ውድድሩ እውነተኛ ውድድር ቢሆን ኖሮ ሦስቱም እስኪናገሩ ድረስ ድርሻ ባልታደለ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ይህን ነው። ሊር ለኮርዴሊያ ሊያበልጥላት ቈርጦ ነበር፤ ምክንያቱም አብልጦ ይወዳታል። በእርጅናውም ዘመን በእርስዋ ዘንድ ለማረፍ አስቦ እንደ ነበር ራሱ ይናገራል። ይህ ማበላለጥ ምናልባት የሚነቀፍ ነው፥ ምናልባትም አይደለም። ነገር ግን ሊር እውነተኛውን ምክንያት በመናገር ፈንታ ሌላ ምክንያት ፈጠረለት፤ የበለጠውን ድርሻ ኮርዴሊያ በንግግር ያሸነፈችው አስመስሎ ሊሰጣት ፈለገ። ኮርዴሊያ ዝም ባለች ጊዜ ያጣው የሚጣፍጥ ቃል ብቻ አይደለም፤ የተደበቀበት መጋረጃ ተቀደደበት። ቍጣው ከልክ ያለፈው ስለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ሁለቱ ታላላቅ ልጆችም ጥቂት ማለት ይገባል። ጎነሪልና ሬገን በኋላ የሠሩት ግፍ በማናቸውም ረገድ ይቅር የሚባል አይደለም። ሆኖም በመጀመሪያው ትዕይንት መጨረሻ ብቻቸውን ሲቀሩ ጎነሪል አባታቸው ሁልጊዜ ታናሺቱን አብልጦ ይወድ እንደ ነበር ለእኅቷ ታስታውሳታለች። እንግዲህ ነገሩን ሲያውቁት ኖረዋል። ዐውቀውም ሳለ በሕዝብ ፊት ቆመው፥ ውጤቱ አስቀድሞ ለተወሰነ ውድድር ፍቅራቸውን እንዲያውጁ ተገደዱ። አባት እንዲህ ያለ የቃል ንግድ ካስተማራቸው ልጆች የኋላ ኋላ ሌላ ዓይነት ምስጋና ሊጠብቅ አይችልም።

ንግዱም ወዲያው ቀጠለ። ሊር መንግሥቱን ሲሰጥ 100 ፈረሰኞች ለራሱ አስቀርቶ በየወሩ በየተራ በሁለቱ ልጆቹ ቤት ሊቀለብ ተስማምቶ ነበር። ጎነሪል በጥቂት ጊዜ 50ውን ቀነሰችበት። ወደ ሬገን ቢሄድ ከ25 በላይ አላስገባም አለችው። በዚህን ጊዜ ሊር 50 የ25 እጥፍ ነውና የጎነሪል ፍቅር የሬገንን እጥፍ ያህላል ብሎ ወደ መጀመሪያይቱ ሊመለስ ፈለገ። በዚህ አሳዛኝ ስሌት ውስጥ የቴአትሩ ሁሉ ቍልፍ ይገኛል። ሰውየው አሁንም ፍቅርን በቍጥር ይመዝናል። ልጆቹም ከእርሱ የተማሩትን ቍጥር እያወረዱ ከ25 ወደ 10፥ ከ10 ወደ 5፥ ከዚያም አንድ ስንኳ ለምን ያስፈልገዋል ወደሚለው አደረሱት። ሌሊቱንም በዝናብና በነጐድጓድ ሜዳ ላይ አደረ።

ሼክስፒር ይኸው ሐሳብ እንዳይስትብን ሌላ አባት አቁሞልናል፤ ይህም ግሎስተር ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ኤድጋር ከሕጋዊ ጋብቻ፥ ኤድመንድ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ናቸው። በአፉ ሁለቱንም እኩል እንደሚወድ ይናገራል፤ ነገር ግን ኤድመንድን 9 ዓመት ከአገር አርቆት ቈይቷል፥ ዳግመኛም ሊሰደው ነው። ኤድመንድ አባቱን ያታለለበት ሐሰተኛ ደብዳቤ ምን ይላል ቢሉ፥ አባቶች ሲያረጁ ሀብቱን ልጆች ሊይዙት ይገባል ይላል። ግሎስተር ኤድጋርን ጠርቶ ሳይጠይቅ ደብዳቤውን አመነ። በሁለቱም ቤት ጥፋት የገባው አባትና ልጅ ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት ሊነጋገሩ ባለመቻላቸው ነው።

የወንጌሉ አባት

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንሻገር። ሁለት ልጆች ካሉት ሰው ታናሹ ድርሻውን ይጠይቃል። አባትየውም ለሁለቱም ያካፍላቸዋል። በኦሪት ዘዳግም በ21ኛው ምዕራፍ በተጻፈው ሕግ መሠረት በኵሩ እጥፍ ስለሚወስድ፥ በዚህ ሒሳብ የታናሹ ድርሻ ሢሶው፥ የታላቁ ሁለት ሢሶ ይሆናል። ያው ሕግ ሁለት ሚስቶች ያሉት ሰው የሚወዳትን ሚስት ልጅ ከማይወዳት ልጅ አስበልጦ በኵር እንዳያደርግ መከልከሉን ልብ ይሏል። ፍቅር ድርሻን ያጣምማል የሚለው ፍርሃት ስንት ዘመን እንዳስቈጠረ ከዚህ ይታያል።

ታናሹ ድርሻውን በሩቅ አገር ጨርሶ ተርቦ ተመለሰ። አባትየውም ልብስ፥ ቀለበትና ጫማ አደረገለት፤ የሰባውንም ፍሪዳ አረደለት። አብዛኛው ሰባኪ በዚህ ላይ ቆሞ ስለ አባት ምሕረት ያስተምራል፥ ታላቁንም ልጅ ቅናተኛ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ስለ ገንዘቡ አንድ ጥያቄ አለኝ። የታረደው ፍሪዳ የማን ነበር? ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ታናሹ ድርሻውን ይዞ ሄዷል። ስለዚህ በቤት የቀረው ሁሉ የታላቁ ነው፤ አባትየውም ያለው ሁሉ የእርሱ መሆኑን ኋላ በግልጽ ይነግረዋል። እንግዲህ ለታናሹ የተደረገው ግብዣ ከታላቁ ድርሻ የወጣ ነው። ወላጅ ለተቸገረው ልጁ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከሌላው ልጅ ተስፋ ቀንሶ መሆኑን ይህ ምሳሌ በጸጥታ ያሳየናል።

ታላቁ ልጅ ነገሩን እንዴት ዐወቀ? በእርሻ ቆይቶ ሲመለስ የዘፈን ድምፅ ሰማ፤ ምን እንደ ሆነም ከብላቴኖች አንዱን ጠርቶ ጠየቀ። ማንም ወደ እርሻው ሄዶ አልጠራውም። ፍሪዳው ታርዶ፥ እንግዶች ገብተው፥ ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ከአሽከር አፍ ሰማ። ምሬቱንም ሲናገር ከወዳጆቹ ጋራ የሚደሰትበት አንድ የፍየል ጠቦት ስንኳ ተሰጥቶት እንደማያውቅ ይገልጣል። የጠየቀው እርሻ ወይም ብር አይደለም። ስንት ዓመት ያገለገለውን አገልግሎት ያየለት ሰው መኖሩን ማወቅ ፈለገ።

ከዚህ በኋላ አባትየው የሚያደርገው ከሊር ፈጽሞ የሚለይ ነው። ግብዣውን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ለመነውም። እኩል ሰጥቻለሁ ብሎ አልካደም። ታናሽህ ካንተ ይሻላል ብሎም አላመካኘም። ሁለት ነገር ብቻ ነገረው፤ አንደኛ የአንተ ድርሻ የአንተ እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛ ይህ ወንድምህ እንደ ሞተ ሰው ነበር፥ ስለዚህ ተደረገለት አለው። ልኩን አስጠበቀለት፥ ምክንያቱንም ገለጠለት። ታላቁ ልጅ ገባ ወይስ በውጭ ቀረ? ወንጌሉ አይነግረንም። ምሳሌው ሳይዘጋ መቅረቱ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያት መንገር የአባት ሥራ ነው፥ ምክንያቱን መቀበል ግን የልጅ ፈንታ ነውና። አባትየው የሚወቀስበት አንድ ነገር ቢኖር፥ ይህንኑ ቃል ፍሪዳው ከመታረዱ አስቀድሞ ሊናገረው ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ሊር ሆኖ የሞተው ሐያሲ

ስለ ንጉሥ ሊር ከተጻፉት ሒሶች ሁሉ እጅግ የከረረው የሩሲያዊው ደራሲ የሌዎ ቶልስቶይ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ቴአትሩ ከእውነት የራቀና የማይታመን ነው ብሎ አጣጥሎታል። እንግሊዛዊው ጸሓፊ ጆርጅ ኦርዌል በ1947 እ.ኤ.አ. መልስ ሲሰጠው፥ ቶልስቶይ ይህን ቴአትር አጥብቆ የጠላው የራሱን ሕይወት ስለሚመስል ይሆናል የሚል አስተያየት አቅርቧል። የኦርዌል ፍርድ ከርስት ወጥቶ እንደ ባለ ርስት መከበርን በመሻት ላይ ያተኮረ ነው። እኔ ግን ከቶልስቶይ ሕይወት ሌላ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ።

ቶልስቶይ በ1892 እ.ኤ.አ. ርስቱን በሕይወቱ ሳለ ለሚስቱና ለልጆቹ አካፍሏል። ማሪያ የተባለችው ልጁ ያን ጊዜ ድርሻዬን አልቀበልም አለች፤ ኮርዴሊያን ያስታውሰናል። ነገር ግን ታላቁ ጥል የመጣው በግልጽ ከተደረገው ከዚህ ክፍያ ይልቅ ኋላ በስውር ከተደረገው ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ቶልስቶይ የመጻሕፍቱን መብት ለልጁ ለአሌክሳንድራ የሚያወርስበትን ኑዛዜ ሚስቱ ሳታውቅ ጫካ ውስጥ ፈረመ። በቤቱ ውስጥ ፍተሻና ጥርጣሬ ነገሠ። በዚያው ዓመት ሽማግሌው በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ በአስታፖቮ የባቡር ጣቢያ ሞተ። ሊር በሐሰተኛ ምክንያት ሸፈነ፤ ቶልስቶይ በጫካ ሸፈነ፤ ሁለቱም ከቤታቸው ውጭ አደሩ።

የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ምስክርነት

ይህ ነገር የደራስያን ብቻ እንዳይመስለን የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የሚሉትን ማየት ይጠቅማል። ጌሪ ቤከር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1974 ባሳተመው ጽሑፍና በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ፥ ልጆቹን የሚወድ ወላጅ ላነሰው አብዝቶ በመስጠት የቤቱን ሚዛን እንደሚጠብቅ አስረድቷል። ካትሊን ማክጋሪና ሮበርት ሼኒ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፥ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ገቢው ላነሰው ልጅ አብልጠው እንደሚረዱ አገኙ። ነገር ግን የውርስ ነገር ሲመረመር ሌላ ነው። ፖል ሜንቺክ በ1980 በኮነቲከት፥ ማርክ ዊልሄልም ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ አብዛኞቹ ወላጆች ውርሳቸውን ለልጆቻቸው እኩል እንደሚያካፍሉ ታይቷል።

እነዚሁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ እያበላለጡ ሰጥተው ሲሞቱ ለምን እኩል ያደርጋሉ? ዳግላስ በርንሃይምና ሰርጌይ ሴቬሪኖቭ በ2003 እ.ኤ.አ. የሰጡት መልስ ልብን ይነካል። በሕይወት ሳሉ የሚሰጥ ስጦታ ሌላው ልጅ ላያየው ይችላል፤ ውርስ ግን ሁሉም የሚያየው ነው። ልጆችም ውርሱን እንደ ወላጃቸው ፍቅር ምስክር አድርገው ያነቡታል፤ ስለዚህ ወላጅ ማንንም ላለማስቀየም እኩል ያደርገዋል። ይህ አስተያየት እውነት ከሆነ፥ ወላጅ በስውር እንደ ችግሩ ይሰጣል፥ በግልጽ ግን እኩል ይሰጣል ማለት ነው። ይህም የሚያሳየው ወላጆች ማበላለጡን ሳይሆን ማበላለጡን በቃል ማስረዳቱን እንደሚፈሩ ነው።

የአገራችን ልማድና ሕግ

በአገራችን ኑዛዜ ማለት ከጥንት ጀምሮ የሚነገር ነገር ነበር። ሽማግሌው የነፍስ አባቱን፥ ጎረቤቶቹንና ልጆቹን ሰብስቦ ይህን ለእገሌ፥ ያን ለእገሊት ብሎ ይናዘዛል። የጦረው ልጅ ቢበልጥ፥ ጦሮኛልና ይባላል፤ የሰሙትም ምስክር ይሆናሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን መንገድ ከመሠረቱ አልናቀውም። ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል በእኩልነት እንዲወርሱ ደነገገ፤ አባት ወይም እናት ልጃቸውን ከውርስ ሊነቅሉ ቢፈልጉ ግን ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ እንዲገልጡ ግዴታ አደረገ። ሕጉ ወላጅን አታበላልጥ ብሎ ፈጽሞ አላሰረውም፤ ልጅህን ባዶ ስታስቀር ለምን እንደ ሆነ ተናገር አለው። ከሊር ቤተ መንግሥት የጠፋው ሕግ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ በየቤቱ የሚካፈለው ነገር ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ አባት ርስት እንደ ቀድሞው ቈርሶ አይሰጥም። ለአንዱ የትምህርት ወጪ ይከፈልለታል፤ ለሌላይቱ ወደ ዐረብ አገር መሄጃ ይፈለግላታል፤ ሦስተኛው በእርሻው ላይ ይቀራል። ለጋብቻም ጊዜ ለወንድና ለሴት የሚሰጠው እኩል አይደለም፤ ማርሴል ፋፍሻምና አግነስ ኪሱምቢንግ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ባሳተሙት ጥናት፥ ወላጆች በጋብቻ ጊዜ የሚሰጡት ሀብት የተጐዳውን ልጅ ለመካስ እንደማይውል አሳይተዋል። ይህ ሁሉ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ስጦታ ተብሎ ስለማይጠራ ሽማግሌ አይሰበሰብለትም፥ ምክንያቱም አይነገርለትም። የተማረው ተማረ፥ የቀረው ቀረ ይባላል እንጂ አካፈልን አይባልም።

የአንድ ቤት ምሳሌ

ይህን ስጽፍ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አባታችን ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የመጨረሻው እኔ ነኝ። በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኜ ስማር በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከበረቱ አንድ ከብት ይሸጥ ነበር። ያን ከብት በክረምት ሣር እያጨደ ያሳደገው ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠው ታላቅ ወንድሜ ነው። በትምህርት ቤት የጠፋውን ልጅ ምሳሌ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ታላቁ ልጅ ቅናተኛ መሆኑን በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ከራሴ በረት የወጣው ፍሪዳ የማን እንደ ነበረ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ባለፈው ፋሲካ አገሬ ገብቼ ሳለሁ ለመጨረሻው ዓመት ወጪዬ አንድ በሬ ሊሸጥ ታሰበ። ወንድሜ በማዕድ ላይ እንዲህ አለ፤ "ሽጡት፥ አልከለክልም። ብቻ በረቱ ጐድሎ ከማገኘው አስቀድማችሁ ንገሩኝ።" አባታችን ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም እስከዚያ ቀን ሰምተነው የማናውቀውን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ ለእኔ ስንት ከብት እንደ ሸጡ፥ ለምን እኔን መርጠው እንዳስተማሩ፥ ቤቱንና የቀሩትን በሬዎች ለማን እንዳሰቡ ተናገሩ። የተናገሩት ሁሉ ለጆሮ የሚጥም አልነበረም። ለምሳሌ እኔን የመረጡኝ ከወንድሜ ስለምሻል ሳይሆን፥ እርሱ ለሥራ በደረሰ ጊዜ ሌላ የሚያርስ ሰው ስላልነበራቸው መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። በማግሥቱ በሬውን ወደ ገበያ የነዳው ወንድሜ ራሱ ነው።

ምክንያት መናገር ሁሉን ነገር ያስተካክላል ለማለት አይደለም። ሊርም እኮ ምክንያት ተናግሯል፤ የተናገረው ሐሰት ነበር እንጂ። እውነተኛ ምክንያትም ቢሆን የሰሚውን ልብ ሊያስከፋ ይችላል። ነገር ግን የተነገረ ምክንያት ሊመረመር፥ ሊከራከሩበት፥ ሊታረምም ይችላል፤ የተደበቀ ምክንያት ግን በልብ ውስጥ ከፍቅር ማነስ ጋራ ብቻ ይተረጐማል። የወንጌሉ አባት ከንጉሥ ሊር የሚበልጠው በዚህ ነው። ስለዚህ የቤታቸውን ሀብት ለልጆቻቸው የሚያካፍሉ ወላጆች እኩል ለማድረግ ከመጨነቃቸው በፊት፥ ሁሉንም ልጆች ጠርተው የሚያደርጉትንና የሚያደርጉበትን ምክንያት ቢናገሩ ይሻላል የሚል አሳብ አቀርባለሁ። እኛም ተምረን የወጣን ልጆች የተከፈለልንን ከማን በረት እንደ ወጣ ጠይቀን ማወቅ ይገባናል።

ያን ቀን በማዕዱ ዙሪያ ያገባችው እኅታችንም ነበረች። አባታችን ተናግረው ሲጨርሱ ቀና ብላ፥ "የእኔስ?" አለቻቸው። እስከ ዛሬ አልመለሱላትም።